ለሹፌሯ የተሰፋ ጋቢና

ሰው ሲለካ ይዋሻል። ይህን ከልብስ ሰፊው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ቦርጫሙ ሆዱን ይውጣል፤ ጎባጣው ቀጥ ይላል፤ ደረተ ጠባቡ ትንፋሹን ስቦ እንደ አውራ ዶሮ ይነፋል። ልብሱ ተሰፍቶ ሲወሰድ ግን ሁሉም ወደ እውነተኛ ሆዱ ይመለስና «ምነው ጠበበኝ?» ብሎ ይቆጣል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ደንበኞቹን የሚለካቸው እያጫወተ፣ እያሳቀ፣ ሐሜት እየጠየቀ ነበር። ሰው ሐሜት ሲያወራ ሆዱን መያዝ ይረሳል።

ይህን ጥበቡን ሳይጠቀምበት የለካው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሚስቱን። የለካትም ለቀሚስ ሳይሆን ለትራክተር ጋቢና ነው።

ሚስቱ ትራክተር ነጂ ናት። ትራክተሯ ትንሽ ናት፤ በፍራፍሬ ዛፎች ረድፍ መካከል የምትሽሎከለክ፣ የጓሮ መሬት ላይ የምትዞር፣ ከሩቅ ላያት ከትልቅ ትራክተር ጡት ገና ያልጣለች የምትመስል። ሰፈሩ «ውርንጭላዋ» ይላታል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሚስቱን «ሹፌሬ» ይላታል፤ ሲኮራረፉ ብቻ ነው በስሟ የሚጠራት። በስሟ ከጠራት ጎረቤቱ ሁሉ ራቱን ቶሎ በልቶ ይተኛል።

ባለፈው የብርድ ወቅት የሹፌሯ ግራ ጉንጭ ውስጥ አንድ ነገር ይወጋት ጀመር። መጀመሪያ ጥርስ ነው ተባለ፤ ምንም ያላደረገ ጥርስ በከንቱ ተነቀለ። ኋላ ሐኪሙ የፊት ነርቭ ነው አለ። መድኃኒቱ ያስታግስላታል፤ ነፋስ ጉንጯን ሲመታው ግን መድኃኒቱንም የሚሰማው የለም። ዓረፍተ ነገሯ መሃል ላይ ትቆምና እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ከፍ ታደርጋለች፤ እስኪያልፍላት ቤቱ በሙሉ ይቆማል።

«ፊትሽን ነፋስ እንዳያገኘው» አላት ሐኪሙ። «ሥራሽ ሜዳ ላይ ከሆነ ሥራ ቀይሪ።»

ሐኪም ሲናገር ቀላል ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሯ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቷ እየለቀመች፣ ያረጀ ጫማ የምትሰጥ ይመስል፣ «እንግዲህ ውርንጭላዋን ለሚነዳት እንስጣት» አለች።

ልብስ ሰፊው ማንኪያውን አስቀመጠ። ይቺ ሴት አርሳ ስትመለስ ሞተሩን አጥፍታ ቶሎ እንደማትወርድ ያውቃል፤ ትንሽ ትቀመጣለች፣ የሞቀውን የሞተር ክዳን መታ መታ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ነው ወደ ቤት የምትገባው። ይህን ነገር ከሰጡባት ከእሷ ላይ ምን እንደሚቀር ማሰብ አልፈለገም።

«ኮት እሰፋለሁ» አለ።

«ኮት ሞልቶኛል።»

«ላንቺ ማን አለ? ለውርንጭላዋ ነው።»

ጋቢና የሚሸጥ አጥተው አልነበረም። ለትልልቆቹ ትራክተሮች መሞቂያና ማራገቢያ ያለው፣ ወንበሩ እንደ ሚኒስትር ወንበር የሚሽከረከር ጋቢና አለ። ለትንንሾቹ ግን የለም ተባሉ። ትንሽ ትራክተር የሚነዳ ሰው አይበርደውም የሚል ጥናት በአንድ ቦታ ሳይቀርብ አይቀርም።

ስለዚህ ሜትሩን አንገቱ ላይ አጠለቀና ግቢ ወጣ። ሹፌሯ ውርንጭላዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ቀና በይ።»

«ቀና ብያለሁ።»

«እጅሽን መሪው ላይ አድርጊ። ወደ ፊት ተመልከቺ።»

«ፎቶ ልታነሳኝ ነው እንዴ?»

ነገሩ ፎቶም ይመስል ነበር። ወገቧ ቀጥ፣ አገጯ ወደ ፊት፣ ክርኗ ከጎኗ ተጣብቆ፣ ልክ እንደ ሙሽራ ነው የተቀመጠችው። እሱም ሆዱ ስለባባ ሳያጫውታት፣ ሳያስቃት፣ ሥርዓት ባለው ዝምታ ለካት። ከራሷ በላይ አንድ ጭብጥ፣ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ አንድ መዳፍ።

«ለወፍራም ሹራብ ትርፍ ልተውልሽ?»

«ትርፍ አትተው። ነፋስ ትርፍ ይወዳል።»

ቅዱን በካርቶን ሠራው። ከማቀዝቀዣ መሸጫው ባዶ ካርቶን ለምኖ በምላጭ ቆርጦ፣ በወፍራም ክር ሰፍቶ ትራክተሯ ላይ ገጠመው። በሩ ላይ «ተሰባሪ ዕቃ፤ በጥንቃቄ ይያዝ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሹፌሯ አንብባ «ይሄንን ብረቱም ላይ ጻፍልኝ» አለችው፤ ሳቀች፤ ሲወጋት ደግሞ ጉንጯን ያዘች።

በሰፈሩ ጋቢና ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም አስተያየት ነበረው። ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶ እየመጣ «ጣሪያው ሾል ማለት አለበት፣ ዝናብ ይተኛበታል» አለ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛም ተከትሎ መጥቶ «የለም፣ ጠፍጣፋ ነው የሚያምርበት» አለ። ሁለቱ እዚያው ተጣሉ። ፀጉሩ በምን እንዳለቀ ልብስ ሰፊው አያውቅም።

ብረቱን የሚበይደው «ነገ ና» ነበር። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን በር ይዞለት የሄደውንም፣ አልጋ ይዞለት የሄደውንም «ነገ ና» እያለ ሲመልስ ስሙ ያ ሆኖ ቀረ። ሲያገባ እንኳ ሙሽራዋ ለብዙ ጊዜ ነገ ስትባል እንደኖረች ይወራል። ለሹፌሯ ሲሆን ግን እጅጌውን ሰበሰበ። «እትዬን ብርድ እየመታት እኔ ነገ አልልም» አለ። ልብስ ሰፊው ሳያምን ሦስት ማዕዘን ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ላሜራው ላይ ይስል ጀመር።

«ይሄ ትከሻው ነው። ይሄ ብብቱ። እዚህ ጋ ኮሌታው።»

«ጋሼ፣ ጋቢና ብብት የለውም።»

«የኔ አለው።»

«ጀርባውስ? መስኮት አናወጣለትም?»

«ጀርባው ላይ መስኮት ያለው ኮት አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ኮትም የለኝ።»

«በል እንግዲህ ዝም ብለህ በይድ። ነፋስ የሚያጠቃው ከጀርባ ነው።»

ሁለት ሽማግሌዎች ዳማ ላይ እንኳ ይህን ያህል አይጨቃጨቁም። ልብስ ሰፊው ብየዳው ላይ ጎንበስ ብሎ «ስፌቱ ይታያል፣ ፍቀው» ይላል። ነገ ና ይፍቃል። «አሁንም ይታያል።» ይፍቃል። የብረት ሥራ ስትፈራ የኖረች የስፌት እጅ ብረት ላይ ስትገባ ምን ያህል እንደምታስቸግር ነገ ና ለሚስቱ ማታ ማታ በእንባ ሳይነግራት አልቀረም።

ጋቢናው አለቀ። ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፤ የፊቱና የጎኑ መስታወት ገባ፤ በሩ ዙሪያ ጥቁር ጎማ እንደ ኮሌታ ዞረ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ማንንም ሳያስጠጋ ገብቶ ውስጡን ገበር አለበሰው፤ ለጥሩ ኮት ያስቀመጠውን፣ የወይን ጠጅ መልክ ያለውን ሐር መሳይ ጨርቅ፣ ከጣሪያ እስከ ወንበር፣ ሽብሽብ ሳይኖረው።

ሹፌሯ ገባች፤ በሩን ዘጋች። የሰፈሩ ጫጫታ ተቆረጠ። ገበሩን በእጇ ጀርባ ነካች፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ ዓይነት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄማ ሳሎን ነው» አለች በሩን ከፍታ። «ጫማዬን ላውልቅ?»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊው ያን ዕለት የሰፋው ሱሪ አንድ እግሩ ከሌላው አጠረ፤ ቢሆንም ደንበኛው አልከፋውም፤ እሱም ሲያጨበጭብ ነበር የዋለው።

ነፋሱ ሳይዘገይ መጣ። ሹፌሯ ጠዋት ጠዋት በሯን ዘግታ፣ ወደ ፊት እያየች፣ በመስታወቱ ውስጥ እጇን እያውለበለበች በሱቁ ፊት ታልፋለች። ስትመለስም እንዲሁ። ልብስ ሰፊው ከመርፌው ላይ ቀና ብሎ ይኮራል።

«እንዴት ነው ጋቢናው?» አላት አንድ ማታ ራት ላይ።

«ልክ ነው።»

ደስታው እዚያው ከሰመ። ልብስ ሰፊ የሚፈራው ቃል ቢኖር ይህ ነው። ልብሱን የወደደ ሰው «ልክ ነው» አይልም፤ መስታወት ፊት ይዞራል፣ ጎኑን ያያል፣ ሚስቱን ይጠራል። «ልክ ነው» የሚል ሰው ልብሱን አጣጥፎ ወስዶ ሣጥን ውስጥ ይቀብረዋል። ቀና ብሎ አያት። ሾርባዋ ፊት ለፊቷ ቀዝቅዟል። ሻይዋን በአፏ ቀኝ ጎን ነው የምትጠጣው። ስትናገርም አፏን ከፈት የምታደርገው በግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ተኝቶ እንዳይነቃ የፈራች ትመስላለች።

«አሞሻል እንዴ?»

«የቆየው ነው። ይለቀኛል።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊው በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያይ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምነው ዘጋህ?»

«ሚስቴን ላያት።»

«ቤት አታያትም እንዴ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ግራ ተጋብቶ።

ልብስ ሰፊው ጥያቄውን በእግሩ እየሄደ አሰበበት። ስትሠራ አይቷት አያውቅም። ስትሄድና ስትመጣ ነው የሚያያት፤ በመሃሉ እሱ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ስፌቱ ላይ አቀርቅሮ ነው የኖረው።

የፍራፍሬ እርሻው ዳር ሲደርስ ሞተሩን ሰማ። ከአንድ ዛፍ ጀርባ ቆመ። ውርንጭላዋ በረድፉ መካከል ቀስ እያለች ትመጣለች። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እንዳይዘጋም በገመድ ታስሯል። ሹፌሯ እንደ አውቶቡስ ረዳት ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አውጥታ፣ አንድ እጇን መሪው ላይ ትታ፣ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ታያለች። ማረሻውን ነው የምታየው። አልፎ አልፎ ወደ ፊት ዞር ትላለች፤ እሱም ለሰላምታ ያህል ነው። ወዲያው ትመለሳለች። ኑሮዋ ከኋላ ነው። ነፋሱ ደግሞ የወጣውን ግራ ጉንጯን አግኝቶ እንደ ልቡ ይመታዋል።

ማረሻ ከትራክተር ኋላ እንደሚጎተት ልብስ ሰፊው ያውቃል። የማያውቅ ሰውም የለም። ግን በልኬት ሰዓት ወደ ፊት አስቀምጧት፣ ወደ ፊት ተመልከቺ ብሏት፣ ጀርባዋን በላሜራ ዘግቶባታል። ያውም በገበር።

በዚህ መሃል ውርንጭላዋ ቆመች። ሹፌሯ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ማንን እንደምታስቆም ሳይታወቅ። ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ልብስ ሰፊው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሲያልፍላት ቀና ብላ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ እንደገና አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች።

ከዛፉ ጀርባ ወጣ። ስታየው ደነገጠች።

«ምን ሆነ? ሱቁ ተቃጠለ?»

«በሩን ዝጊው።»

«ይሞቀኛል።»

«ከንፈርሽ ከብርድ ጠቁሮ?»

ሹፌሯ ሞተሩን አጠፋች። ለመዋሸት ሌላ ነገር ፈለገች፤ አጣች።

«አላይም» አለች ቀስ ብላ። «በሩን ከዘጋሁት ማረሻውን አላይም። ማረሻው ሥር ይይዛል፣ ድንጋይ ይመታል። ካላየሁት የሰው ዛፍ ገድዬ እመጣለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት አድርጌ?» ድንገት ተቆጣች፤ ቁጣዋም እንባ ነበረበት። «ገበር አድርገህልኝ! በዚህ ዓለም ላይ ጋቢናን ገበር የሚያለብስ ማን አለ? ሰው እንደዚህ ተደርጎለት 'አይሆነኝም' ብሎ ይመልሳል?»

«ደንበኛ ብትሆኚ ይሄኔ ደጄ ላይ ቆመሽ ሰፈሩን ታሰሚ ነበር።»

«ደንበኛህ አይደለሁማ።»

ልብስ ሰፊው የአንገት ልብሱን ፈቶ ጉንጯን ከነጆሮዋ ጠቀለለላት፤ ቋጠሮውን እንዳይቆረቁራት ወደ ቀኝ አዞረው። ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

«ንጂ።»

«ምን?»

«ቀስ ብለሽ ንጂ። እኔ የለሁም። ይልቅ እህትሽ ያቺን ድመቷን አሁንም ሐኪም ቤት ትወስዳታለች?»

«ኧረ ተወኝ! ሰሞኑንማ ድመቷ አዝናለች ብላ…»

ጀመረች። ውርንጭላዋ እንደ ሽማግሌ እያዘገመች፣ ልብስ ሰፊው በክፍቱ በር አጠገብ በታረሰው አፈር ላይ እየተደናቀፈ፣ ሹፌሯ ስለ ድመቷ ሐዘን እያወራች፣ ረድፉን ዘለቁት። አሁን ነው ያያት። ስትዞር ግራ ክርኗ ወደ ውጭ ይወጣል። ትከሻዋ ይወርዳል። ማረሻውን ስታነሳ ከወንበሯ ብድግ ስለምትል ራሷ ካሰበው በላይ ይደርሳል። ቀጥ ያለችበት አንድም ቅጽበት የለም። የለካት ሙሽራ ሌላ ሴት ነበረች።

«… ታዲያ ለድመቷ ጓደኛ ካልገዛሁላት ብላ — አንተ፣ እየለካኸኝ ነው?»

«አልቋል። ድመቷስ?»

ነገ ና ጉዳዩን ሲሰማ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«ጋሼ፣ ብረት ልብስ ነው እንዴ የሚፈታው?»

«የማይፈታ ስፌት የለም። ቁረጠው።»

«ያን ሁሉ አስፍቀኸኝ?»

«ፍቀቱ በጣም ቆንጆ ነበር። ቁረጠው።»

ጀርባው ከጣሪያ እስከ ወንበር ተፈታ። ከተሰባበረ ሚኒባስ የወጣ ሰፊ የኋላ መስታወት ተገጠመበት። ጣሪያው ከፍ አለ። ክርኗ የሚወጣበት ጎን ላይ ብረቱን አንስተው፣ ልብስ ሰፊው በወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ሲገፉት የሚሰፋ ሲለቁት የሚሰበሰብ ሽብሽብ አበጀ። ነፋሱ ግን ጨዋ አልነበረም፤ በማርሹ ቀዳዳና በፔዳሎቹ በኩል ገብቶ እግር እግሯን ያዘ። ለዚህም ልብስ ሰፊው ለየዘንጉ እጅጌ ሰፋ፤ ጫፉን በላስቲክ ያዘው።

«እትዬ፣ ማርሽ ሹራብ ሲለብስ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ነገ ና።

«ዝም በል» አለችው ሹፌሯ። «ላንተም ይሰፋልሃል።»

የጀርባው ገበር ከብረቱ ጋር ወርዶ መሬት ላይ ተከምሮ ነበር። ልብስ ሰፊው የጣሪያውንም ሊነቅለው፣ ለመልክ ብቻ ያደረገው ነገር ስላሳፈረው፣ ጫፉን ሲይዝ ሹፌሯ እጁን መታችው።

«ይሄን እንዳትነካ! ይሄ የኔ ነው።»

በዚህ ጊዜ «ልክ ነው» አላለችም። ገብታ ወደ ኋላ ዞረች፤ ወደ ፊት ዞረች፤ እንደገና ወደ ኋላ። ብድግ ብላ ተቀመጠች። ክርኗን ሸራው ውስጥ ከተተች፣ አወጣች። ከዚያ «ወንበሩ ይንቋቋል፣ የበሩ እጀታ ጠንካራ ነው፣ ይሄ መስታወት ደግሞ ጥግ ጥጉ ላይ ቆሽሿል» አለች። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ በደስታ ጨርቅ አንስቶ መስታወቱን ይወለውል ጀመር። ደንበኛ ማለት ይህ ነው።

ነፋሱ የቤት ጣሪያ የነቀለበት ቀን መጣ። ልብስ ሰፊው ሱቁን እንደገና ዘግቶ ወደ እርሻው ሄደ። ዳር ላይ ቆመ። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አጎንብሰው ነበር፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ውርንጭላዋ በመካከላቸው ሰማያዊ ሆና፣ በሯ ግጥም ብሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር ትሄዳለች። በኋላው መስታወት የሹፌሯ ፊት ይታያል፤ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ማረሻው ላይ ተክላ።

አንድ ጊዜ ነፋሱ የልብስ ሰፊውን ባርኔጣ ነጠቀው። ተከትሎት ሮጠ፤ ባርኔጣው ቆመለት፤ ጎንበስ ሲል ተነስቶ በረረ፤ እንደገና ሮጠ። በመጨረሻ በአዲስ የታረሰው አፈር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጥሞ ቆመ። ቀና ሲል ውርንጭላዋ አጠገቡ ደርሳ ቆማለች፤ ሹፌሯም በመስታወቱ ውስጥ እያየችው ታወራለች።

አይሰማም። ነፋሱ አለ፤ ሞተሩ አለ፤ የገዛ እጁ የገጠመው ጎማ ደግሞ አንዲት ድምፅ አያሳልፍም። ጆሮውን እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። እጇ ወደ በሩ እጀታ ሄደ።

«እንዳትከፍቺ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለት እጁንም አወናጨፈ።

እጇን መለሰች። ማውራቷን ግን አላቆመችም። ወደ ባርኔጣው አመለከተች፣ ወደ ጫማው አመለከተች፣ ወደ ሰማይ አመለከተች። ቅንድቧ ይነሳል፣ ግንባሯ ይሰበሰባል፤ ግራና ቀኝ ጉንጯ እኩል ይሳባሉ፣ እኩል ይለቀቃሉ። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ከነጎደለው ቦታ እስኪታይ ሳቀች፤ እጇ ወደ ጉንጯ አልሄደም። እንደገና ቀጠለች።

ልብስ ሰፊው ባዶ ራሱን ነፋስ እየመታው፣ አፈር ውስጥ ቆሞ አያት። ምን እንዳለችው ዛሬም አያውቅም። ርዝመቱን አይቶ ስድብ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገምቷል። እስክትጨርስ ጠበቃት።